ቈጥሮ ማደርና በእግዚአብሔር መታመን

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚወጣው ደጋ፥ በሮብ ገበያ፥ ስሙ እንደሚያስረዳው ገበያው የሚቆመው በጾም ቀን ነው። ገበሬው ገብሱንና ድንቹን በአህያ ጭኖ ይሄዳል፤ ሥጋና ቅቤ ሳይቀምስም ይውላል። ከገንዘቡ የሚጾም ግን ጥቂት ነው። ማታ ባዶ እጁን ሲመለስ ሚስቱ «ብሩ ወዴት ሄደ?» ብትለው መልስ ያጣል።

ስለዚህ ነገር ባስተማርሁ ቍጥር ምእመናን አንድ ጥያቄ ያነሡብኛል። «አባታችን፥ ጌታ ስለ ነገ መጨነቅን ከልክሎን የለምን? ገቢንና ወጪን እየጻፉ መኖር እምነት ማጕደል አይሆንምን?» ይሉኛል። ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። እኔም በቅኔ ቤት ሳለሁ፥ ቍራሽ ለምኜ የዕለቱን ለዕለት ስበላ፥ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ተማሪ ግን ልጅ የለውም፤ ዘርም አይዘራም።

የተከለከለው ጭንቀት ነው እንጂ ሒሳብ አይደለም (ማቴ. 6፥34)። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ያስተማረ ጌታ ራሱ ነው (ሉቃ. 14፥28)። አምስቱን እንጀራ ለአምስት ሺህ ሕዝብ ያበረከተ አምላክ ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ ያዘዘው (ዮሐ. 6፥12) ዳግመኛ ማበርከት ተስኖት ነውን? በምድረ በዳ መናውን ያሳደሩ ሰዎች ተልቶባቸዋል፤ በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ እንዲለቅሙ ታዝዘዋል (ዘጸ. 16)። እንግዲህ ማሳደር አንድ ጊዜ በደል፥ አንድ ጊዜ ትእዛዝ ሆነ፤ የሚለየውም ሰውየው ስለ ምን እንዳሳደረ ነው። ይሁዳም የተነቀፈው ከረጢት ስለ ያዘ አይደለም፥ ስለ ሰረቀ ነው።

ፈቃዱን ሰጥቶኛልና የአንድ ገበሬን ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ዓመት ያስገባው ገብስ 14 ኩንታል ነበር። ለግብርና ለልብስ 3 ሸጠ፤ 2 ለዘር አኖረ። አባቱ አርፈው ነበርና ለሰማንያው ተዝካር 5 ኩንታል አወጣ፤ በጎቹንም በብድር ገዛ። በሚያዝያ ጎተራው ተሟጠጠ፤ የዘሩንም ገብስ ልጆቹ በሉት። በሰኔ ሰው ሁሉ ሲዘራ እርሱ ከአበዳሪ ደጅ ቆመ።

በዚያ ተዝካር ከበሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። ከፊት ተቀምጬ፥ መርቄ ወጣሁ፤ ስለ ዘሩ አልጠየቅሁትም። ለሙታን የሚጠቅማቸው ጸሎቱ፥ ቅዳሴውና ለድሀ የሚሰጠው ምጽዋት እንደ ሆነ፥ ጐረቤት እንዳያማ የሚጣለው ዳስ ግን ከዚህ እንደማይቈጠር አውቅ ነበር። እያወቅሁ ዝም አልሁ።

በሚቀጥለው ታኅሣሥ አዝመራው እንደ ገባ ወደ ቤቱ ሄድሁ። ልጁ ደብተር አመጣች። አስቀድመን የዘሩን 2 ኩንታል ለይተን አፉን ሰፋን። ቀጥሎ የቤቱን ቀለብ እስከ መጪው ታኅሣሥ በየወሩ ከፈልን፤ በሐምሌና በነሐሴ እንዳይጐድል አስበን፥ ጳጕሜንንም ሳንረሳ። ከዚያ ዕዳው፥ ግብሩ፥ ማዳበሪያው፥ እድሩ፥ የልጆቹ የትምህርት ወጪ ተጻፈ። ድግስ ከሁሉ በኋላ ከቀረው እንዲሆን ተስማማን። ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን ከአምስት አንዱን እንዳኖረ ነግሬው ጥቂት ለክፉ ቀን ለየ። ባልየው ለድሀ የሚሰጠውን ከመጨረሻ አስጽፎ ነበር። ሚስቱ ግን ከዘሩ ቀጥሎ ይጻፍ አለች፤ «ከትርፍ እንስጥ ካልን አንድም ቀን አንሰጥም» ብላ። እርስዋ ረታች፤ እኔም ከእርስዋ ተማርሁ።

ገንዘብን መደበቅም ቈጥሮ ማደር አይደለም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቱ በአዲስ በተለወጠ ጊዜ በእንስራ የሸሸጉ ሰዎች በ3 ወር ውስጥ አውጥተው መለወጥ ግድ ሆነባቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህም የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ እንደ ዓምናው አይገዛም። ስለዚህ ያ ደብተር አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚዘጋ አይደለም፤ በየወሩ መባቻ ይገለጣል።

ባለፈው ወር ያ ገበሬ፥ «አባታችን፥ ለማኅበሩ ዝክር ስንት ልጻፍ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጠላው በአንድ ጋን፥ ዳቦውም በአንድ ሙልሙል ይወሰን ብዬ ለማኅበርተኞቹ ሁሉ ተናገርሁ። መጪው ተራ የእኔ ነው። የቤቴ ሰዎች ግን ገና አልተስማሙም።