ፍርሃት ኃጢአት ነውን?



በሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ የተነሣው ሁከት በስፍራው ከነበሩት ወገኖች ልብ የሚጠፋ አይደለም። በጥቂት ቀናት ውስጥ በከተማይቱና በሶማሌ ክልል ሌሎች ከተሞች የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናት ሳይቀሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ሱቅና መኖሪያ ቤት ተዘረፈ። ብዙዎች በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ተጠለሉ፤ ሌሎችም ከተማይቱን ለቀው ሄዱ። እንዲህ ያለው መከራ ካለፈ በኋላ በኅሊና የሚመላለስ ጥያቄ አለ፤ በእግዚአብሔር የሚያምን ሰው ስለ ምን ይፈራል? የሸሸስ እምነቱን ክዷልን?

አስቀድመን ጌታችንን እንመልከት። በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዝና ነበር፤ ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ ይወርድ እንደ ነበር ወንጌላዊው ሉቃስ ይመሰክራል። እንግዲህ መጨነቅ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ኃጢአት የሌለበት ጌታ ባልተጨነቀ ነበር። ሰው የሚፈራው ስለሚወድ ነው፤ ልጁን የሚወድ አባት ስለ ልጁ ይፈራል።

መሸሽም ሁልጊዜ ክህደት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በደማስቆ ቅጥር በቅርጫት ወርዶ አመለጠ። ለአገራችን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስም አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል፤ ፈሪ ነው ብለው ለከሰሱትም ስለ ስደቱ መልስ ጽፏል። ጥፋት የሚሆነው አደራ የተሰጡንን ጥሎ መሸሽ ነው፤ ተኵላ ሲመጣ በጎቹን ትቶ የሚሄደው ቅጥረኛ በወንጌል የተነቀፈው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ብርታት ምንድር ነው? ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ እንዳስተማረው የብርታት ዋና ሥራ ማጥቃት ሳይሆን በመከራ ውስጥ ሳይናወጡ መጽናት ነው። ለዚህም ከጎረቤታችን ሶማሊያ ምስክር አለን። የኮንሶላታ ልኡካን ማኅበር አባል የሆነችው እኅት ሌኦኔላ ስጎርባቲ በሞቃዲሾ ለነርስነት የሚሠለጥኑ ወጣቶችን ታስተምር ነበር። በመስከረም 7 ቀን 1999 ዓ.ም. በጥይት ተመታ ስትሞት የመጨረሻ ቃሏ የይቅርታ ቃል ነበር። ሊያድናት የሞከረው ጠባቂዋ፣ የአራት ልጆች አባት የሆነ ሙስሊም፣ ከእርሷ ጋር ተገደለ። ቤተ ክርስቲያን ብፅዕት ብላ የሰየመቻት በግንቦት 18 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የጅግጅጋው ሁከት ከመድረሱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው።

የሁለቱ ሞት ስለ ሌላ ፍርሃት ያስተምረናል። አደጋው ካለፈ በኋላ የሚቀረው ፍርሃት ከመጀመሪያው ይልቅ ይከፋል፤ ሰውን በሥራው ሳይሆን በወገኑ ወይም በሃይማኖቱ እንድንፈርድበት ያስተምረናልና። የሶማሌ ጎረቤቶቻችንም ከፍርሃት ነጻ እንዳልነበሩ አንርሳ። በጅግጅጋ «ጄል ኦጋዴን» ተብሎ ይጠራ የነበረው እስር ቤት እስኪዘጋ ድረስ በዚያ ብዙ ሶማሌዎች ተሠቃይተዋል። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ሁለት ወገኖች፣ እያንዳንዱ ፍርሃቱን የብቻው አድርጎ ሊቈጥረው አይገባም።

በእናንተ በትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ላይ ያለው ኃላፊነት ከባድ ነው። ልጆችን «አትፍሩ» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍርሃቱን ይደብቀዋል እንጂ አያርቀውም። ይልቁንም የሚፈሩትን በስሙ ጠርተው በጸሎት እንዲያቀርቡት፣ ከዚያም በፍርሃታቸው መካከል ማድረግ የሚችሉትን አንድ በጎ ነገር እንዲያደርጉ አስተምሯቸው፤ ለጎረቤት ሰላምታ መስጠት፣ የታመመን መጠየቅ፣ የተዘጋን ደጅ እንደገና መክፈት። ፍቅር ፍርሃትን የሚያስወጣው በአንድ ጊዜ ሳይሆን እንዲህ ባለ ሥራ ነው።

በጌቴሴማኒ የተጨነቀው ጌታ በተጨነቅን ጊዜ ከእኛ ጋር ይሁን፤ አሜን።