ከማሕፀን የተጣለ ወዴት ይማፀናል?

በሀገራችን ስለ እናት ፍቅር የማይናገር ሰው የለም፤ በእናቱ ያልተወደደ ልጅ ግን ሐዘኑን ለማን ይናገር? እናቱ የሞተችበት ሲያለቅስ ጎረቤት አብሮት ያለቅሳል፤ እናቱ በሕይወት ሳለች ፊቷን ያዞረችበትን ግን ለቅሶ የሚደርሰው የለም። ቢናገርም «እናት ልጇን አትጠላም፤ ያስቀየምኻት አንተ ትሆናለህ» ተብሎ ይመለሳል። በመጨረሻም «የወለደችኝ ካልወደደችኝ እግዚአብሔር እንዴት ይወደኛል?» ወደ ማለት ይደርሳል። ይህን ጥያቄ በተግሣጽ ብቻ ዝም ማሰኘት አይገባም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ሕመም አልሸሸጉትም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 49 እናት ልጇን ልትረሳ እንደምትችል፥ እግዚአብሔር ግን እንደማይረሳ ይነግረናል። ዳዊትም በመዝሙር 26 አባትና እናቱ ቢተዉት የሚቀበለው እግዚአብሔር መሆኑን ይመሰክራል። እንግዲህ መጽሐፍ ያመነውን እኛ ክደን፥ የተጣለውን ሰው ሐሰተኛ ልናደርገው አይገባንም።

የዔሳውን ነገር እንመልከት። ርብቃ ያዕቆብን ትወድ እንደ ነበረ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 25 ይናገራል። ዔሳው ብኩርናውን ማቃለሉ የራሱ በደል ነው፤ ሐዋርያውም ስለዚህ ይነቅፈዋል። ይሁን እንጂ በእናቱ ምክር በረከቱ በተወሰደ ጊዜ የጮኸው ጩኸት የተጣለ ልጅ ጩኸት ነበረ። ከዘመናት በኋላ ወንድሙን አቅፎ ሳመው፤ ርብቃም የምትሞትበት ጊዜ ሲቀርብ ወንድሙን እንዲወድ ለምናው ቃል እንደ ገባላት በመጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 35 ተጽፏል። ነገር ግን ልጆቹ ባነሣሡት ጊዜ በልቡ ተሰውሮ የቆየው ክፋት መሐላውን አስረሳው፤ ከወንድሙም ጋር ተዋግቶ ሞተ። ቁስሉ ተሸፍኖ ነበር እንጂ አልዳነም ነበር። ዳዊት ግን መተዉን በልቡ አልቀበረም፤ በእግዚአብሔር ፊት ተናገረው። የፈውስ መጀመሪያ ይህ ነው፤ የነፍስ አባትም እንዲህ ያለውን ልጅ ከመገሠጹ አስቀድሞ ሊሰማው ይገባዋል።

በግእዝ «ሐፀነ» ማለት አሳደገ፥ ተንከባከበ ማለት ነው፤ «ማሕፀን» ከዚህ ይወጣል፤ ከማሕፀንም «ተማሕፀነ» ይባላል፤ ይኸውም በአማርኛ ተማፀነ የምንለው ነው። ስለዚህ መማፀን ማለት ፅንስ በማሕፀን እንደሚጠበቅ ራስን ለሌላ ጥበቃ መስጠት ነው። ፅንስ በዚያ የሚኖረው ዋጋ ከፍሎ አይደለም። በእናቱ የተጣለ ሰው ግን ፍቅርን በሥራ ሊገዛ ሲደክም ይኖራል፤ ወደ እግዚአብሔርም ሲቀርብ እንደ እናቱ ደጅ ይጠናል። እምነት ከዚህ ድካም ታሳርፈዋለች። ወንዱ በ40 ቀን፥ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ ልጅነትን የሚያገኙት አንዳች ሠርተው አይደለምና። ጌታም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ፥ ዮሐንስንም ለእናቱ ሰጥቷል፤ ቤተ ክርስቲያንም በዮሐንስ አንጻር ሁላችን እናት እንደ ተሰጠን ታስተምራለች።

እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝስ? ማክበር ማለት በደሏን መልካም ነው ማለት አይደለም፤ ብትታመም መጠየቅ፥ ብትቸገር መርዳት፥ ስሟን በአደባባይ አለማጕደፍ ነው። ክፋቷ የማያስቀርብ ቢሆን እንኳ በጸሎት ማሰብ ይቻላል። ምናልባት እርሷም ያለ ፈቃዷ የተዳረች ወይም በእናቷ ያልተወደደች ትሆናለች፤ ይህን ማወቅ በደሉን ባይሽረው ፍርድን ያለዝባል። ቀድሞ ይህን ሁሉ የሚያደርገው እንድትወደው ነበረ፤ አሁን ግን በእግዚአብሔር ዘንድ ተወዷልና ሳይለምን ይሰጣል፤ ባትቀበለውም አይወድቅም።

እንግዲህ አንተ የተጣልህ ሆይ፥ የመዳንህ ምልክት መርሳት አይደለም። ጠባሳው ይኖራል። ነገር ግን ነገሩ በልብህ ተሰውሮ እንዳይገዛህ ለእግዚአብሔር ንገረው፤ ማሕፀን የነሣህን ጥበቃ ከእርሱ ዘንድ ተማፀን። እርሱ የተማፀነውን አይመልስም።