ደዌን ስለ መግለጥና በመድኃኒት ስለ መጽናት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ አባቶች ይመክሩ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይታያል፤ መድኃኒቱ ተገኝቶ ሳለ በሽታው ይደበቃልና። ስለዚህ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው ሕማሙን የመግለጥ ግዴታ አለበትን? ካለበትስ ለማን ነው? ብሎ መመርመር ይገባል።

ይህ ደዌ በኢትዮጵያ መኖሩ በ1976 ዓ.ም. በደም ምርመራ ታወቀ፤ በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ታዩ። በዚያን ዘመን ስሙን መስማት የሞት ፍርድ እንደ መስማት ነበረ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ግን መድኃኒቱ ያለ ዋጋ ይታደል ጀመር። መድኃኒቱ ቫይረሱን ፈጽሞ ባያጠፋውም እንዳይበዛ ይገታዋል። በየዕለቱ ሳያቋርጥ የሚውጥ ሰው ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ያንስለታል፤ በዚህም የጸና እንደ ሆነ በሩካቤ ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። የሚያቋርጠው ግን ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምድበታል፤ የተለመደም መድኃኒት ኃይሉ ይደክማል።

ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በነቀምቴ፥ እንደዚሁም በጊምቢ፥ በነጆ፥ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ሰው ሁሉ በዕድርና በማኅበር፥ በገበያና በደጀ ሰላም ይተዋወቃል። እንዲህ ባለ ከተማ የሚኖር ሕመምተኛ የቅርቡን ሐኪም ትቶ ለመድኃኒት ወደ ሩቅ ከተማ ቢሄድ ከጎረቤት ዓይን ለመሰወር ነው። ነገር ግን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በደረሰው ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ፥ ምሥጢሩን በሩቅ ያስቀመጠ ሰው መድኃኒቱም በሩቅ ይቀርበታል። በቤቱ ያለው ወገኑም ምን እንደ ጎደለው አያውቅምና ሊረዳው አይችልም።

ሶርያዊው ንዕማን የጦር አለቃ ሳለ ለምጽ ነበረበት። ሕማሙን ከቤተ ሰቡ ሰውሮ ቢሆን ኖሮ፥ ተማርካ የመጣችው ብላቴና ስለ ነቢዩ ኤልሳዕ ለእመቤቷ ባልነገረች ነበር። ሰባት ጊዜ ታጠብ በተባለም ጊዜ ተቆጥቶ ሲመለስ መክረው ያጸኑት አገልጋዮቹ ናቸው። ከዚህም ሁለት ነገር ይታወቃል፤ ምክር የሚገኘው ሕማሙ ለታወቀ ሰው ነው፤ ፈውስም የሚገኘው ቍጥሩን ለፈጸመ ነው።

እንግዲህ ለማን ይነገር? ለገበያ አይደለም። ሕይወቱ ከሕመምተኛው ሕይወት ጋር ለተሳሰረ እንጂ። ባል ለሚስቱ፥ ሚስትም ለባልዋ የእውነት ባለዕዳ ናቸው፤ አንድ ሥጋ ይሆናሉ ተብሎአልና፥ የአንዱ አካል ሕማም ከሌላው ሊሰወር አይገባም። ለንስሐ አባት መናገር ለነፍስ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ለትዳር ጓደኛ የሚገባውን ዕዳ አይከፍልም።

ይሁን እንጂ ዕዳው የተናጋሪው ብቻ አይደለም። ተናግራ ከቤት የምትባረር ሴት ብትኖር፥ ዝምታን ያስተማራት ያባረራት ሰው ነው። እውነትን የሚቀጣ ማኅበር ሐሰትን ይወልዳል። ስለዚህ ካህን ምሥጢር ጠባቂ፥ ጎረቤት አንደበቱን የሚገታ፥ ዕድርም ሕመምተኛውን በሕይወቱ ሳለ የሚጠይቅ ሊሆን ይገባዋል። ለቀብሩ ድንኳን ይዞ የሚመጣ ሰው፥ በሕይወቱ ሳለ ጽዋውን ቢጸየፍበት ምን ይጠቅመዋል?

ደግሞ ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት ቢውጥ እምነት አጐደለ የሚሉ አሉ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ግን 15 ዓመት እንዲጨመርለት የእግዚአብሔርን ቃል ተቀብሎ ሳለ፥ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። የተስፋው ቃል መድኃኒቱን አልከለከለም፤ መድኃኒቱም ተስፋውን አላሳነሰም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በግልጥ አስተምረዋል።

ሕይወት የአደራ ገንዘብ ነው። አደራውን የተቀበለ ሰው ዕለት ዕለት ሊጠብቀው ይገባል፤ አደራውን አብሮት የሚጠብቅ ወገን ሲሰጠውም ሊሸሸግ አይገባውም። ወገኑም ይህን እውነት የሰማ ዕለት ጆሮውን እንጂ በሩን አይዝጋ፤ ጆሮውንም ለሐሜት ይዝጋ።