ኳሷ መስመሩን አልፋ ነበር

 

ዛሬ ስለ ኳስ ላወራችሁ ነው። «በጁምዓ ቀን ኳስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ትንሽ ታገሱኝ።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 የት ነበራችሁ? ኳስ የሚወድ ሰው አይረሳትም። እሑድ ነበረች። በማግስቱ ሰኞ ዓረፋ፣ ማክሰኞ ዒድ አል-አድሓ። ደብረ ታቦር ላይ የበግ ዋጋ መጠየቅ ትተን የጨዋታ ሰዓት ስንጠያየቅ የሰነበትንበት ዒድ ነው፤ አላህ ይቅር ይበለንና። ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ናይጄሪያን ሊገጥሙ ነው። ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለመሄድ የቀረው ይህና የመልሱ ጨዋታ ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ዋንጫን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም።

የሰፈራችን ሻይ ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ፣ ከጉና በኩል የሚመጣውን ብርድ በጋቢ እየተከላከለ። የዘጠኝ ዓመቱን የእህቴን ልጅ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬዋለሁ። በመጀመሪያው አጋማሽ አንዲት ኳስ መስመሩን አልፋለች ብለን ጮህን፤ ዳኛው አላጸደቀም። ከዕረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ ሲያገባ የማን ብርጭቆ በማን ላይ እንደተደፋ እንጃ። ከዚያ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ያው ሰው በፍጹም ቅጣት ምት ደገመው። 2 ለ 1።

ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ዳኛው ነው የሰረቀን?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ገንዘብ በልቶ ነው።»

ከየት አወቅኩ? ከየትም። አንድ የማላውቀውን ሰው፣ ምናልባትም ሚስትና ልጆች ያሉትን ሰው፣ ያለ አንዳች ማስረጃ ሌባ ብዬ ለሕፃን መሰከርኩበት። በማግስቱም ዓረፋን ጾምኩ። ሆዴ ከምግብ ታቅቦ ምላሴ ግን እስከ መግሪብ ድረስ ያንኑ ሰው ስትበላ ዋለች። በገበያ፣ በመስጊድ በር ላይ ሳይቀር። ያቺ ጾም ምን ያህሏ እንደተጻፈችልኝ አላህ ያውቃል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ቁጭቱ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ጥር ላይ፣ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 ያሸነፈችን በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ነው። ኅዳር ላይ ካላባር በተደረገው የመልስ ጨዋታም አንዱ ጎል ፍጹም ቅጣት ምት ነበር። በሦስት ጨዋታ ስድስት ጎል፣ ከስድስቱ አራቱ ፍጹም ቅጣት ምት። ሰው ይህን ቆጥሮ ቢጠራጠር አይገርምም። ግን ሌላም ስሌት አለ፤ ሦስት ጊዜ ከአንድ ቡድን ጋር ተጫውቶ አራት ፍጹም ቅጣት ምት የሚሰጥ ተከላካይ ስለራሱም የሚጠይቀው ነገር አለው። ይህን ያኔ ሻይ ቤት ውስጥ ብትናገሩ ግን በአግዳሚ ትመቱ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ የማሸነፊያዋን ጎል ያገባልን ማን ነበር? በርናርድ ፓርከር፣ የራሳቸው ተጫዋች፣ በገዛ መረቡ ላይ። ያን ቀን «ይህቺ ጎል ሐቃችን አይደለችም» ያለ ሰው ሰማችሁ? እኔ አልሰማሁም። ጎዳና ወጥተን ጨፈርን። በዚያው ቀን ነው ፊፋ ጉዳያችንን እየመረመረ መሆኑ የተሰማው። ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ገብቶ ኖሯል። ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ፌዴሬሽኑ ራሱ ስህተቱን አመነ። እኛ ደጋፊዎች ግን ፊፋን ስንሰድብ ከረምን። ሁለት ካርድ መቁጠር ያቃተን እኛ፣ ጥፋተኛው ዙሪክ ያለው ቢሮ!

ወገኑን ስለወደደ ብቻ ሰው እንዲዋሽ ይፈቀድለታል ወይ? ጥያቄው ለኔ ይኸው ነው። ብንጠየቅ ሁላችንም «አይፈቀድም» እንላለን። ከዚያ ኳስ ይጀመራል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዓድባእ የምትባል ግመል ነበረቻቸው። በእሽቅድምድም የሚቀድማት አልነበረም። አንድ ቀን አንድ የገጠር ሰው በወጣት ግመሉ መጥቶ ቀደማት። አነስ (ረ.ዐ) ያወሩት፣ ቡኻሪ የመዘገቡት ታሪክ ነው። ሙስሊሞች በጣም ከበዳቸው። እስኪ እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ የተቀደመችው የነቢዩ ግመል ናት፤ ፊታቸው የጠቆረው ግን ሶሐቦቹ ናቸው። ደጋፊዎቹ በሉት። ነቢዩ ሐዘናቸውን ሲያዩ የነገሯቸው መልእክቱ፣ በዚህች ዱንያ ከፍ ያለን ነገር ሁሉ ዝቅ ማድረግ የአላህ ሐቅ ነው የሚል ነበር። የገጠሩን ሰው የነካ አንድም ቃል አልወጣም። «እንደገና እንሽቀዳደም» የሚልም በታሪኩ ውስጥ የለም።

ይህን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ስለ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ስለዚያ ባላገርም ይመስለኛል። ዓድባእን የቀደመ ሰው ውለታውን ሳይቀማ፣ ስሙ ሳይጎድፍ ወደ ቤቱ ሄደ። መሸነፍን የሚችል ሰው አሸናፊውን አይበድለውም። እኛ የተማርነው «ቀደር ነው» ብሎ መጽናናቱን ብቻ ነው፤ እሱንም ራሳችንን ላለመመርመር ስንጠቀምበት። በአንድ አፍ «ቀደር ነው» እያልን በሌላው «ዳኛው ሰረቀን» ማለት እንዴት አብሮ ይሄዳል?

ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያ የእህቴ ልጅ 12 ዓመት ሆኖት የሰፈሩ ቡድን በረኛ ሆነ። ከሌላ ሰፈር ልጆች ጋር ሲጫወቱ ዳር ቆሜ ነበር። ጎሉ ሁለት ድንጋይ፣ መስመሩ በአመድ የተሰመረ። አንድ ልጅ መታ፤ የኛው በረኛ ኳሷን መሬት ላይ ይዞ ጎተታት። እነዚያ «ጎል!» አሉ። እሱ እጁን አንሥቶ «ወላሂ አላለፈችም» አለ። ዳኝነት የያዘው ትልቁ ልጅ መሐላውን ሰምቶ ከለከለ። የመታው ልጅ ከጨዋታው ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሲያለቅስ እንዳይታይ ፊቱን ወደ ዋርካው አዙሮ።

እኔ የቆምኩት ከጎሉ ጎን ነው። አመዱ ኳሷ ላይ ተለጥፎ፣ ከመስመሩ ወዲያ አይቻታለሁ። እኔም ዝም አልኩ።

ማታ እራት ላይ «አልፋ ነበር አይደል?» አልኩት።

ሳቅ አለ። «ጋሼ ደግሞ፣ ለቡድናችን እኮ ነው!»

ቁርሴ ሳይቀር አልዋጥ አለኝ። በማግስቱ ከፈጅር ሶላት ስንመለስ መንገድ ላይ ያዝኩትና ያን ቀን ሻይ ቤት ስለ ናይጄሪያው ጨዋታ ዳኛ የነገርኩት ውሸት እንደነበር፣ ምንም የማውቀው ነገር እንዳልነበረኝ ነገርኩት። መንገዱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ልጁ ግራ ገብቶት አየኝ።

«የቱ ዳኛ?» አለኝ። ጨዋታውን ረስቶታል።

ከዚያ የዚያን የመታውን ልጅ ቤት አብረን ፈልገን ሄድን።