ምሕረት ሰጪው ማን ነው?

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ እየወረደ ዛሪማ የሚደርስ መንገደኛ፣ በዚያች የቆላ ከተማ «ምሕረት» የሚለውን ቃል ከልዩ ልዩ ሰዎች አንደበት ሊሰማው ይችላል። ከዓረብ አገር የተመለሰው ወጣት «ምሕረት ሲወጣ ገባሁ» ይላል። ስለ ቀድሞ ዘመን ሽፍቶች የሚያወጉ አረጋዊም «ምሕረት ተደርጎለት በሰላም ገባ» ይላሉ። በጦርነቱ ልጇን ያጣች እናት ደግሞ በየጸሎቷ ምሕረትን ስትለምን ኖራ፣ ስለ ገዳዮች ምሕረት ሲወራ ግን ዝም ትላለች። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ከዚህ ዝምታ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም መንግሥት «ምሬአለሁ» ሲል የማንን ዕዳ ይተዋል? የሚለው ነው።

በቅድሚያ ሕጋችን ሁለት ቃላትን ለይቶ ማስቀመጡን እናስታውስ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ስለ ይቅርታ በአንቀጽ 229፣ ስለ ምሕረት በአንቀጽ 230 ይደነግጋል። ይቅርታ የተደረገለት ሰው ቅጣቱ ይቀርለታል ወይም ይቀልለታል፤ ጥፋተኛ የተባለበት ፍርድ ግን በመዝገብ ይኖራል። ምሕረት ከዚህ ይርቃል፤ ፍርዱን ራሱን እንዳልነበረ ይቆጥረዋል፤ ክሱ ያልተጀመረ እንደ ሆነም እንዳይጀመር ያደርጋል። በአውሮፓ ቋንቋዎች ለዚህ ድርጊት የተሰጠው ስም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «መርሳት» ማለት ነው። የእኛ ቃል ግን ወገኑ ከርኅራኄ ነው እንጂ ከመርሳት አይደለም፤ ካቴኪስቶቻችን ይህን ልዩነት በትምህርታቸው ቢያነሡት መልካም ይመስለናል።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የወጣው የምሕረት አዋጅ በአገር ክህደት፣ በሕገ መንግሥቱና በሥርዓቱ ላይ በሚፈጸሙ ወንጀሎች ለተጠረጠሩ፣ ለተከሰሱና ለተፈረደባቸው ሰዎች ምሕረት ሰጠ። ለዓመታት አገራቸውን ማየት ያልቻሉ ስደተኞች በዚያን ጊዜ ተመለሱ፤ በኤርትራ በረሃ ጠመንጃ ይዘው የነበሩም ገቡ። በዚህ ምሕረት ውስጥ ተበደልሁ ባዩ በዋናው ነገር መንግሥት ራሱ ነበር። የራሱን ዕዳ የሚተው ሰው ማንንም አይበድልምና ይህን ዓይነቱን ልግስና ልንነቅፈው አንችልም።

ወደ ስደት ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ፈቃድ የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች ወረቀታቸውን እንዲያስተካክሉ ወይም ያለ ቅጣት እንዲወጡ የወራት ጊዜ ሰጠ። ጊዜው ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. ሲፈጸም አፈሳው ተጀመረ፤ በተከታዮቹ ጥቂት ወራትም ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን እንዲመለሱ ተደረገ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ሁለተኛ ምሕረት ታወጀ፤ በ90 ቀን ውስጥ የሚወጣ ሰው መቀጮ እንደማይከፍል፣ እንደማይታሰርም ተነገረ። ይህ ምሕረት በሩን ወደ ውጭ የሚከፍት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ ግን በሩን ወደ ውስጥ ከፍቶ፣ ያለ ፈቃድ ይኖሩ ለነበሩ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕጋዊ መኖሪያ አስገኝቷል። ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ።

ነገር ግን ማን ማንን ማረ? «ከፊል» የሚባለው አሠሪዋ ፓስፖርቷን ይዞባት፣ ደመወዟንም ከልክሏት ከቤቱ የወጣች እኅት በዚያ አገር ሕግ ፊት ጥፋተኛ ሆና ተገኘች። ምሕረት የተደረገላት እርሷ ናት፤ ያልተከፈላት ደመወዝም የእርሷ ነው። ዕዳ ያለበት ሳይጠየቅ፣ ዕዳ የሚገባት ማሩኝ እያለች ስትሰለፍ ማየት እጅግ ያሳዝናል። በመንደሯም ስትደርስ «ተባርራ መጣች» ትባላለች፤ ይህ ንግግር ከቁምስናዎቻችን ቢጠፋ ምንኛ በወደድን!

በዳባት አቅራቢያ በአለምዋጭ ስለተጠለሉት ኤርትራውያንም ጥቂት እንበል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ቀድሞ በማይ ዓይኒና በአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች የነበሩና ጦርነቱ ዳግመኛ ያሰደዳቸው ናቸው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት፣ ከአደጋ ሸሽቶ በቀጥታ የመጣና ሳይዘገይ ለባለ ሥልጣን የቀረበ ስደተኛ ያለ ፈቃድ ድንበር በመሻገሩ እንዳይቀጣ ያዝዛል። ስለዚህ ማስጠጋታችን ምሕረት ሊባል አይገባውም፤ ያልበደለ ሰው አይማርምና።

አሁን ወደዚያች እናት ዝምታ እንመለስ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና፣ የትግራይ ኃይሎች አካባቢውን በያዙባቸው ቀናት ሰላማውያን ሰዎች ተገድለዋል። በዚያው ዓመት በኅዳር በአክሱም የኤርትራ ወታደሮች የገደሏቸው ሰዎች እናቶችም እንደዚሁ ያለቅሳሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28፣ እንደ ዘር ማጥፋትና ያለ ፍርድ መግደል ያሉ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በሕግ አውጪውም ሆነ በሌላ የመንግሥት አካል በምሕረት ወይም በይቅርታ እንዳይታለፉ ከልክሏል። የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት መለወጥ ግን ለርእሰ ብሔሩ ተፈቅዷል፤ በግንቦት 2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች አማልደው 23 የደርግ ባለ ሥልጣናት ከሞት የዳኑት በዚህ መንገድ ነበር። ሕይወታቸው ተረፈ፣ ፍርዱም ጸና። እኛ ይህን ክልከላ የጭካኔ ሕግ አድርገን አናየውም፤ መንግሥት የእርሱ ባልሆነ ዕዳ ላይ ለጋስ እንዳይሆን የሚይዘው ልጓም ነው።

«ታዲያ ጠመንጃ የያዘው ምሕረት ካላገኘ መቼ ያስቀምጠዋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ጦርነት ደጃፉ ድረስ የደረሰበት የዛሪማ ሰው ሲጠይቀው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። መንግሥት ማመፅን፣ ጦር ማንሣትን፣ ግብር መከልከልን ይማር፤ ይህ ትንሽ ስጦታ አይደለም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ምሕረትን እውነትን ከመናገር ጋር ማያያዙ ትክክለኛ መንገድ ይመስለናል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል መግባቱን ምእመናን ያስታውሳሉ። የተቀማው ሰው በዚያ ቤት አልተረሳም።

በአገራችን ገጠር ደም ሲፈስ ሽማግሌዎች የሚያደርጉት ሥርዓት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ገዳዩን ይዘው ወደ ሹም አይሮጡም፤ በፊት የሟችን ቤተ ሰብ ይለምናሉ። የካህን መስቀል ይዘው ከደጅ ይቆማሉ፤ ግቡ ካልተባሉ አይገቡም። ጥፋቱ በግልጥ ይነገራል፣ ካሳው ይቆረጣል። ቤተ ሰቡ «ልባችን ገና ነው» ያለ እንደ ሆነ ሽማግሌዎቹ አይቆጡም፤ ተመልሰው ይሄዱና በሌላ ቀን ደግመው ይመጣሉ።