ካፒታል የሌለው ነጋዴ



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አንድ ወጣት ወንድም መስጊዱ በር ላይ ያዘኝ። «አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ ያዋጣል፤ ደላሎቹንም አውቃቸዋለሁ። የጎደለኝ ገንዘብ ነው። ለባለሀብቶች በየወሩ ቁርጥ ያለ ትርፍ ቃል ብገባላቸው ምን ይመስልሃል?» አለኝ።

ወንድሜ ሆይ! ዋናው ገንዘብ ሳይነካ በየወሩ የተቆረጠ ትርፍ መክፈል ስሙን ንግድ ብንለውም ሪባ ነው። ቤቱ ሳይሸጥ ቢከርም፣ በኪሳራ ቢሸጥም ትከፍላለህ። ከየት አምጥተህ? ከሌላው ሰው ተበድረህ!

እስልምና ግን በሩን አልዘጋብህም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት በኸዲጃ (ረ.ዐ) ገንዘብ ወደ ሻም ሄደው ነግደዋል። ሀብት አልነበራቸውም፤ «አል-አሚን» የሚል ስም ግን ነበራቸው። ፈልጋ የላከችባቸውም ባለሀብቷ ራሷ ናት። የጀማሪ ካፒታሉ ይኸው አማና ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን መሰሉን ሽርክና ሙዷረባ ይሉታል። አንዱ ገንዘብ ያወጣል፤ ሌላው ይሠራል። ትርፉ እኩል ወይም ስድሳ በአርባ ተብሎ በድርሻ አስቀድሞ ይወሰናል። ሠሪው ካላጠፋ የገንዘቡ ኪሳራ የባለገንዘቡ ነው፤ ሠሪውም ድካሙን ይከስራል።

ቤት ፍለጋውም አማና ነው። ደላላ መንገድ ያሳያል እንጂ ዋስ አይሆንም። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት፣ ወራሾች መስማማታቸውን ራስህ አጣራ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የምትገዛው ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው፤ ይዞታው ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለውን ቀሪ ጠይቅ። ያገኘኸውን ጉድለት ከባለገንዘቡም፣ ነገ ከሚገዛህም አትደብቅ። ሻጭና ገዥ እውነት ከተናገሩና ነውሩን ከገለጹ ግብይታቸው በረካ እንደሚኖረው፣ ከደበቁ ግን በረካው እንደሚነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል።

«ዘመዶቼ ናቸው፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» አትበል። በቁርአን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ የሚናገረው ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል።

ወጣቱ አዳመጠኝና «ኪሳራም አለ ካልኳቸው ብዙዎቹ ይሸሹኛል» አለ። ይሽሹ! እውነቱን ሰምቶ የሚቀርልህ አንድ ሰው፣ በውሸት ተስፋ ከሚከተሉህ አሥሩ ይበልጥሃል።

አላህ (ሱ.ወ) ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን። ኣሚን!