አብሮ መጸለይ ክህደት ነው?

በግንቦት 1969 ዓ.ም. ቤርት ቢች የተባለ የአድቬንቲስቶች መሪ ሮም ላይ ለፓፓ ጳውሎስ 6ኛ ሜዳሊያ ሰጠ። ከወገኖቹ መካከል ሃይማኖታችን ተሸጠ ያሉ ነበሩ። ጩኸቱ እንዲያው ከመሬት የተነሣ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናቸው የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አባል አይደለችም፤ የመጨረሻው ዘመን ፈተና በሰንበት ላይ ይመጣል፣ ሮማም የዚያ ፈተና ቀንደኛ ትሆናለች ብላ ታስተምራለች። ታዲያ የአድቬንቲስት ቄስ ከካቶሊክ ካህን ጎን ቆሞ አብሮ ሲጸልይ ምን ማለቱ ነው?

እኔ ክህደት አልለውም። ያው ትምህርት እኮ የእግዚአብሔር ሕዝብ በየቤተ ክርስቲያኑ አለ ይላል። ካለ፣ ከሱ ጋር ያልተጸለየ ከማን ጋር ሊጸለይ ነው? ነውሩ ሌላ ነው፤ እሑድ ከሰውዬው ጋር ተቃቅፎ፣ ቅዳሜ እሱ በሌለበት ቤተ ክርስቲያኑን ባቢሎን ማለት። ያመነበትን እዚያው፣ ካህኑ እየሰማ ይናገር። ከዚያ በኋላ ካህኑ አሜን ይል እንደሆነ እናያለን።